አንቱታ ለወንበር፣ አንተታ ለሕዝብ!

ባለፈው ሰሞን ከጎረቤቴ ከእማማ ጋር ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው «የእኛን ብቻ ለይቶ ስማችንን አጠፋ» ይሉኛል። ባልጠራው ደግሞ አንባቢው ሁሉ «ይኼማ የእኛ ሰፈሩ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ሳልጠራው ይሻላል።

እማማ ሰባውን ካለፉ ቆይተዋል። ጉዳያቸው ቀላል ነው። ማኅደራቸው ላይ የአባታቸው ስም በአንዲት ፊደል ተሳስቷል። ያቺ ፊደል እንድትታረምላቸው ሦስት ወር ሙሉ ተመላልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን «ፋይሉ የለም» ተባሉ። በሁለተኛው «ሲስተም የለም»። በሦስተኛው ፋይሉም ተገኘ፣ ሲስተሙም መጣ፣ ኃላፊው ግን ጠፉ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። በአራተኛው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ይፈራል ብለው ነው። ማን ማንን እንደሚፈራ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በሩ ላይ ጥበቃዋ «ማዘር፣ እጅሽን አንሺ!» ብላ ፈተሸቻቸው። መስኮቱ ጋ ደረስን። ከመስኮቱ ወዲያ ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፣ አንድ ጎረምሳ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሸጉጦ ይስቃል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው «እንደምን አደርክ ልጄ?» አሉ። መልስ የለም። ስልኩን ሲጨርስ ቀና እንኳ ሳይል «ምን ነበር?» አለ። ወረቀታቸውን ከፌስታል አውጥተው ሲዘረጉለት «አንቺ፣ ባለፈው ነግሬሽ የለም እንዴ? ወደዚያ ቁሚና ጠብቂ!»

ወደዚያ ቆምን። መቀመጫ የለም። ያለችው አንዲት አግዳሚ ወንበር እግሯ ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፋለች። ከአግዳሚዋ በላይ ግድግዳው ላይ ምን ተለጥፎ ነበር ብትሉኝ ጥሩ ነው? «አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች»! ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አለማዳላት… እያልኩ ሳነብ ጊዜው ሄደልኝ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ እግራቸውን ብቻ አመማቸው።

በዚህ መሃል ኃላፊው ገቡ። (ያዙልኝ፤ እኔም «ገቡ» ነው ያልኩት።) ያ ልጅ መቀመጫው የጋለ ብረት የሆነበት ይመስል ተስፈንጥሮ ተነሣ። ስልኩ ኪስ ገባ። «እንደምን አደሩ! ደህና ነዎት? ቡና ላስመጣልዎት?» ድምፁ ማር ሆነ። ጀርባው ለጥ አለ። በሩን ከፍቶ አስገባቸውና እጁን እያፍተለተለ ቆመ።

ወይ ጉድ! ለካስ ልጁ «እርስዎ» ማለት ያውቃል! ለካስ መነሣትም፣ መጎንበስም፣ ደህንነት መጠየቅም ያውቃል!

እንግዲህ ነገሬ ይኼ ነው። ስለ ሥርዓት ማጣት በተወራ ቁጥር ሹማምንቱ የሚሰጡን መልስ አንድ ነው፦ «የግንዛቤ እጥረት ነው፤ ሥልጠና እንሰጣለን»። አዳራሽ ይከራዩና፣ አበል ይከፈልና፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፍና ሁሉም ወደየመስኮቱ ይመለሳል። ያ ልጅ ግን ምንም የግንዛቤ እጥረት የለበትም። እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች። አንቱታን አሳምሮ ያውቀዋል። የት ማውጣት እንዳለበት፣ የት ደግሞ መቆጠብ እንዳለበት ጭምር ያውቃል። ለወንበር ይሰጣል፣ ለሽበት ይነፍጋል። ይኼን ደግሞ ከእናቱ ቤት አላመጣውም፤ እዚያው መሥሪያ ቤት ነው የተማረው።

አንዳንድ አንባቢ «አንቺ ማለቱ ነው እንዴ እንዲህ ያናደደህ?» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው፣ ቃሉ ብቻውን ስድብ አይደለም። እናቴን እስክትሞት ድረስ «አንቺ» ነበር የምላት። ከባልንጀራዬ ጋር «አንተ» ተባብለን ነው የምንሳሳቀው። ከዚህም ይበልጣል፤ ሰው ሲጸልይ ፈጣሪውን «አንተ» ነው የሚለው። ማንም «እርስዎ አምላኬ» ብሎ የጸለየ አላውቅም። ፍቅር ያለበት አንተታ እንደ ወተት ይጣፍጣል። በሁለት ወገን የሚሄድ ከሆነም ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው አንዱ «አንቺ» እያለ ሌላው «ጌታዬ» እንዲል ሲገደድ ነው። ያን ጊዜ ቃሉ ሰላምታ መሆኑ ይቀርና ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሆነ የሚነግር ማኅተም ይሆናል።

ቋንቋችን ራሱ ይኼን ያውቃል። የታወቀ ሰው ስናወድስ «አንቱ የተባለ ሐኪም፣ አንቱ የተባለ ነጋዴ» እንላለን። መከበር ማለት አንቱ መባል ማለት ነው። ጉዳዩ የአማርኛ ብቻም አይደለም። ትግርኛ ተናጋሪው ታላቁን «ንስኹም» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኢሲን» ይላል። ይኼ ሕዝብ በየቋንቋው ሰውን ማክበሪያ ቃል ያበጀ ሕዝብ ነው። ታዲያ ቃሉ ሞልቶ ተርፎ እያለ፣ መስኮት ጋ ስንደርስ የሚያልቅብን ለምንድን ነው?

«ድሮማ ጨዋነት ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ይኼን አልቀበልም። በጃንሆይ ዘመን ባለጉዳይ ነጠላውን አደግድጎ፣ ወር ከመንፈቅ ደጅ ጠንቶ፣ «አቤት!» እያለ ነበር የሚቆመው። ጭሰኛው ባለርስቱን «ጌታዬ» ይላል፤ ባለርስቱ ጭሰኛውን «አንተ!» ይላል። ጨዋነቱ እንደ ጭስ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚወጣው። ወደ ላይ ብቻ የወጣ አክብሮት ደግሞ መጨረሻው ምን እንደሆነ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ታየ። በሰረገላና በሮልስ ሮይስ ሲያልፉ ሕዝቡ መሬት ይስምላቸው የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ሲወሰዱ፣ መንገድ ዳር የቆመው ሰው «ሌባ! ሌባ!» እያለ ሸኛቸው። አንቱታው ለሰውዬው አልነበረም ማለት ነው። ለዙፋኑ ነበር። ዙፋኑ ሲወሰድ አንቱታውም አብሮ ተወሰደ።

ቀጥሎ «ጓድ» መጣ። ጓድ ማለት እኩያ ማለት ነው ተባልን፤ ክቡር ቀረ፣ ደጃዝማች ቀረ፣ ሁላችንም ጓድ ሆንን። እኩልነቱ ግን ብዙም አልዘለቀ። ከጓዶች ሁሉ በላይ «ጓድ ሊቀ መንበር» ተቀመጡ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋመው ቀበሌ፣ የሕዝብ ነው የተባለው ቀበሌ፣ ብዙም ሳይቆይ ሽጉጥ የታጠቀ ሊቀ መንበር የሚያንባርቅበት ደጅ ሆነ። እናቶች ለስኳርና ለዘይት ተሰልፈው «አንቺ አሮጊት፣ መስመርሽን ያዢ!» ተባሉ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት ድረስ «ጓድ ፕሬዚዳንት ገለጹ» ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ናይሮቢ መብረሩ በተሰማ ጊዜ ግን የከተማው ወሬ «መንጌ ፈረጠጠ!» ሆነ። አሁንም አንቱታው ከወንበሩ ጋር ወደቀ።

ኢሕአዴግ ሲገባ ታጋዮቹ በቁምጣና በኮንጎ ጫማ ነበሩ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሲሄዱ ያየ ሰው «እነዚህስ እንደ እኛው ድሆች ናቸው» ብሎ ነበር። ኮንጎው ቶሎ ወለቀ። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና መጣ። «ግምገማ» የሚሉት ነገር ከጫካ ወደ ከተማ ወርዶ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የልጅ አባት የሆነ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ የሚዋረድበት አደባባይ ሆነ። ዛሬ መስኮት ላይ ሆኖ የሚያመናጭቀን ሠራተኛ ጠዋት በግምገማ ሲመናጨቅ ያደረ ሊሆን ይችላል። የተቀበለውን ነው የሚያወርሰን።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እናታቸውንና ባለቤታቸውን ሲያመሰግኑ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያለቀሰው ሰው ስንት ነው! ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ አልክድም። ስለ ዳቦ ተነግሮን አይደለም ያለቀስነው። በስንት ዘመናችን አንድ ባለሥልጣን እንደ ሰው ስላነጋገረን ነው። ይኼ ሕዝብ ለአክብሮት ምን ያህል እንደተራበ ከዚያ ቀን የበለጠ ማስረጃ የለኝም። ዓመቱ ሳይወጣ ግን ከዚያው አፍ «የቀን ጅቦች» የሚል ቃል ሰማን።

እዚህ ላይ ልቁም። «ጦርነት ባለበት፣ ኑሮ ጣሪያ በነካበት አገር ስለ አንተና አንቱ ትጽፋለህ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ እዚሁ ነው ያለው። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። በዚህ አገር በትር ሁልጊዜ የሚመጣው ከቃል በኋላ ነው። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቱን መንገድ ላይ ከመጣሉ በፊት «አናርኪስት» ብሎ ስሙን ወሰደበት። በ1996 ዓ.ም. «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል አዋጅ ወጣ፤ በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ልጆቻችን በዚሁ ስም እየተጠሩ ታፈሱ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር «ጁንታ» የሚለው ቃል ከጥቂት መሪዎች ተነሥቶ በየሰፈሩ ወደ ምስኪኑ ጎረቤት ወረደ። መጀመሪያ «እርስዎ» መሆንህ ይቀራል፤ ቀጥሎ «አንተ» ትሆናለህ፤ ቀጥሎ ስምህ ይወሰድና «ግለሰቡ» ትባላለህ፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቢያደርጉህ የሚደነግጥ አይኖርም። መስኮት ላይ ያለው «አንቺ፣ ወደዚያ ቁሚ!» የዚህ መሰላል የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ካለ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ የወደቁትን ይጠይቅ።

አሁን ደግሞ ሌላ አስቂኝ ነገር መጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት መንገዱ ተሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። እሰየው። በመንገዱ ላይ ቆሻሻ የጣለ፣ የሸና ይቀጣል። እሱም እሰየው፤ ማን ይጠላል? ደንብ አስከባሪው ደረሰኙን ይዞ ይቆምና «አንተ፣ ና ወዲህ!» ይላል። የእኛ ብልግና ዋጋ ተቆርጦለታል። የእነሱስ? አሮጊት አራት ጊዜ ላመላለሰ ቅጣቱ ስንት ነው? ባለሥልጣን ያልፋል ተብሎ መንገድ ሲዘጋ፣ ነፍሰ ጡር በታክሲ ውስጥ ስታምጥ፣ ደረሰኙን የሚቆርጠው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ እንዲጠበቅ መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ባለሥልጣን ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ብሏል። በ1992 ዓ.ም. የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም በአዋጅ ቆመ። ስሙን አስቡት እስቲ! ዕንባ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ያስፈለገው ዕንባ የሚያስወርድ መሥሪያ ቤት ቢበዛ አይደለም እንዴ?

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሰፈራችን ውስጥ አለ። ዕድራችንን ተመልከቱ። የዕድር ዳኛ ሥልጣን አለው፤ ገንዘብ ይይዛል፣ ቅጣት ይጥላል፣ ድንኳን ያስተክላል። ታዲያ አንድም ቀን እማማን «አንቺ፣ ወደዚያ ቁሚ!» ብሏቸው አያውቅም። «እማማ፣ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ» ነው የሚላቸው። የዕድር ዳኛ መልአክ ስለሆነ ነው? አይደለም። ከዚያው ሰፈር ሌላ ቦታ ሲያመናጭቅ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን የመረጡት እማማና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ካስከፋቸው በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን አስረክቦ ይወርዳል። ያ የመስኮቱ ልጅ ግን እንጀራው በማን እጅ ነው? በኃላፊው። ኃላፊውስ? ከላይ ባለው። ያም ከላይ ባለው። ከታች ያለን እኛ በማንም እንጀራ ላይ እጃችን የለም። አንቱታ ደግሞ እንጀራ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ባንኮች ተቀማጭ ፍለጋ መሻማት ሲጀምሩ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት እንደለመዱ አላያችሁም? ብራችን አንቱ አሰኘን። ድምፃችን አንቱ የሚያሰኘን መቼ ነው? የወረዳው ሹም በእውነተኛ ምርጫ እኛ የምንሾመውና እኛ የምንሽረው በሆነ ማግስት፣ ያለ ሥልጠናና ያለ አበል፣ «እማማ፣ ይቀመጡ» ማለት ይጀምራል። ካርዳችን ወንበሩን መነቅነቅ እስካልቻለ ድረስ ግን አሥራ ሁለቱ መርሆዎች ሃያ አራት ቢሆኑም ያው የግድግዳ ጌጥ ናቸው።

እስከዚያው ድረስ የሚሠራ ትንሽ ነገርም አለ። ሠራተኛው ስሙን ደረቱ ላይ ይለጥፍ፤ ማን እንዳመናጨቀን እንወቅ። ለአቅመ ደካማ መቀመጫ ይኑር፤ የአግዳሚዋን እግር ለመቸንከር በጀት አይጠይቅም። ቀጠሮ ያፈረሰው መሥሪያ ቤቱ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቅ። ይኼን ለማድረግ መመሪያ እስኪወርድ የሚጠብቅ ኃላፊ ካለ፣ እንግዲያው መመሪያው ይውረድለት።

ለራሳችንም አንድ ቃል አለኝ፤ «ሌላውን ብቻ ይተቻል» እንዳልባል። እኛም በተቃውሞ ጎራ ያለን፣ እኛም በነፃው ፕሬስ የጻፍን፣ እጃችን ንጹሕ አይደለም። «ባንዳ»፣ «ሆድ አደር» እያልን ያዋረድነው ሰው ጥቂት አይደለም። ሥልጣን የያዘውን «አንተ» ስንል ጀግንነት ይመስለናል፤ ነገ ወንበሩ ላይ እኛ ብንቀመጥ በየትኛው አፋችን ልናከብር ነው? «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት»።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ፤ ማን ማንን እንደሚፈራ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበርና።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምን በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በልቤ ብዙ ነገር ተናግሬ ነበር፤ አንቀጽ 24 እንኳ ምላሴ ላይ ነበረች። ያ ልጅ ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን የወጣልኝ ቃል ምን መሰላችሁ? «ይቅርታ ጌታዬ፣ ካስቸገርኩዎት… የእኚህን እናት ጉዳይ ቢያዩልን…» ልጄ የሚሆነውን ጎረምሳ! ማኅደሩ በእጁ ስለሆነ! እሱም «ኃላፊው አልፈረሙም፣ ሐሙስ ተመለሱ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። እኔም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። እግዜር ምን እንዲሰጥልኝ እንደሆነ እንጃ።

መንገድ ላይ እማማ ዝም ብለው ሄዱ። ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ቆም አሉና «ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ልጅ አንቺ ቢለኝ ልጅ ነው፣ አላዋቂ ነው ብዬ እተወዋለሁ። አንተ ግን ትልቅ ሰው ነህ፤ የተማርክ ነህ። እሱን እርስዎ ስትለው ሰማሁህ።»

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ይኼን ሁሉ ስለ ሹማምንት ስጽፍ ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም። አንቱታን ወደ ወንበር ያሰደደው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ብቻ አይደለም፤ ተሸክመን ያደረስንለትም እኛ ነን።

ሐሙስ ተመልሰን እንሄዳለን። ፊደሏ ትታረም አትታረም አላውቅም። አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ያ ልጅ እማማን «አንቺ» ካላቸው፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ፣ እርስዎ በላቸው» እለዋለሁ። እናንተም በየመስኮታችሁ ሞክሯት። አንድ ሰው ቢላት ይገላመጣል። ሰልፉ ሁሉ ካላት ግን የሚገላመጠው ማን እንደሚሆን እናያለን።

ቸር ይግጠመን!